ደፉ ሳይበየድ በሩን አታውልቁ

አሮጌ ቮልስዋገኔን ለማደስ ስነሣ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ በሮቹን ማውለቅና መልሶ መግጠም ይመስለኝ ነበር። ሁለት በር፣ አራት ማጠፊያ፣ ጥቂት ቪቴ። አንድ ቅዳሜ ይበቃኛል ብዬ ጀመርኩ። የግራው በር በልኩ ሲዘጋ ያየሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ማውለቁስ እውነትም አላስቸገረም። ማጠፊያውን መቃኑ ላይ የያዙት ቪቴዎች ትልልቅ፣ ባለ መስቀል ራስ ናቸው። በዋዜማው የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጣኋቸው፤ በማግስቱ በመዶሻ ሲመቱት በሚዞረው ካቻቢቴ አንድ በአንድ ለቀቁ። በተራ ካቻቢቴ የሚታገል ሰው የቪቴውን ራስ ልጦ ቀኑን ሙሉ በትራፓኖ ሲበሳ ይውላል።

የጥገናው መጽሐፍ የማጠፊያውን ዙሪያ በእርሳስ አስምሩ ይላል። አሰመርኩ። የድሮው ቀለም ሲነሣ መስመሩም አብሮ ተነሣ። የእኔ ምክር ሌላ ነው፤ በሩ ገና ተሰቅሎ ሳለ ማጠፊያውንና የመቃኑን ላሜራ አንድ ላይ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ሁለት ቦታ ብሱት። ስትመልሱት ፑንታዎቹን በቀዳዳው ማስገባት ነው፤ ማጠፊያው የነበረበት ቦታ ላይ ቁጭ ይላል።

ይህ ሁሉ ግን ትንሹ ጣጣ ነው። ያቃጠለኝ ደፉ ነው።

በዚህ መኪና ከበሩ ሥር ያለው ደፍ ውስጡ ክፍት የሆነ ሣጥን ነው፤ ከኋላው ሞተር የሚመጣው ሙቀት ወደ ፊት የሚያልፈው በእሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከውጭም ከውስጥም ይዝጋል። የእኔው ጣት ያስገባ ነበር። በያጁ መጥቶ አየና፣ «ጋሼ፣ በሩ እያለ እጄ በደንብ አይገባም፤ ያውልቁልኝ» አለ። ባለሙያ ነው ብዬ አወለቅኩለት። አካሉን ከመኪናው ወለል ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች ፈትተን ከፊትና ከኋላ በክሪክ ደገፍነው፤ መሐሉ ባዶውን ቀረ። ግራይንደሩ ደፉን ሲጨርስ የቅርጭት ድምፅ ሰማሁ። ቀለሙ ነው አልኩ። ቀለሙ አልነበረም።

ደፉ ሲወጣ በግራ በኩል የመኪናውን ፊትና ኋላ ያያያዘው ጣሪያው ብቻ ነበር፤ መሐሉ ወደ ታች ረገበ፣ የፊተኛውና የኋለኛው መቃን ከላይ ወደ መሐል ተጠጋጉ። በዓይን አይታይም። አዲሱ ደፍ እዚያው እንደረገበ ተበየደ፤ ብየዳው ያማረ ነበር፣ ፎቶግራፍም አነሣሁት። በሩን ልሰቅል ስመጣ ከታች ጣቴ ይገባል፣ ከላይ የኋላው ጥግ መቃኑን ይነክሳል። ሜትር አምጥቼ በሮቹ የሚገቡበትን ባዶ ቦታ በግራም በቀኝም ከጥግ እስከ ጥግ ለካሁ፤ የግራው ከቀኙ 9 ሚሊ ሜትር ያንሳል። በመቃኑና በበሩ መካከል ዙሪያውን የፈለግኩት ክፍተት 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር።

በያጁ ማጠፊያውን አስተካክል አለኝ። እኔም ሞኝ፣ ሁለት ሳምንት ማጠፊያ ሳስተካክል ከረምኩ። በማጠፊያው ጀርባ ያለው ባለ ጥርስ ብረት በመቃኑ ውስጥ ስለሚንቀሳቀስ በሩን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት ይቻላል፤ ግን ጠማማ መቃን ውስጥ ቀጥ ያለ በር ከየትም ቢገፉት ጠማማ ነው። የባትላሜራ ሠራተኛ የሆነ ወዳጄም ጠርዙን በስቱኮ እናሳምረው ብሎ ነበር። እሺ ልለው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር፤ ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ።

በመጨረሻ ያን ያማረ ብየዳ አስቆረጥኩት። በዚህኛው ዙር መሐሉን በክሪክ እስከ ልኩ አነሣን፤ በሩ በሚገባበት ባዶ ቦታ ላይ ሁለት ቱቦላሬ አግድም በየድን፤ በአካሉና በወለሉ መካከል የሚገባውን ጎማ አልብሰን አካሉን ከወለሉ ጋር በቡሎን አሰርነው። ከዚያ ቱቦላሬዎቹ ከውስጥ በኩል ስለሆኑ በሩን ሰቀልነውና እየከፈትን እየዘጋን ደፉን ነጥብ በነጥብ አስያዝነው። በያጁ እጁ አልገባ ብሎት ሲያጉረመርም ዋለ። እንዲያጉረምርም ተውኩት።

ለመግጠም ሦስት ነገር ልንገራችሁ። የበሩ ቁልፍ የሚነክስበትን ብረት፣ የቁልፉን መያዣ፣ ከመቃኑ ላይ መጀመሪያ ፍቱት፤ እሱ ካለ በሩን ጎትቶ ይይዘውና በማጠፊያው የተስተካከለ ይመስላችኋል። መስታወቱና የውስጥ ዕቃው ሳይገባ የመጨረሻውን ልክ አትያዙ፤ ክብደቱ በሩን ዝቅ ያደርገዋል። አዲስ የበር ጎማ ደግሞ ጠጣር ስለሆነ በሩን ይገፋል፤ በሳምንቱ እስኪለሰልስ ማጠፊያውን አትንኩት።

ሁሉ ካለቀ በኋላም በሩ አልዘጋ አለኝ። ክፍተቱ ዙሪያውን እኩል ነው፤ በሩ ግን ሲወረውሩት ይመለሳል። አንድ ሰዓት ሙሉ የቁልፉን መያዣ በግማሽ ሚሊ ሜትር ስገፋ ስመልስ ቆየሁ። ወንድሜ ሻይ ይዞ ሲያየኝ ቆየና የቀኙን መስኮት ዝቅ አደረገው። በሩ በአንድ ጣት ተዘጋ። መኪናው አየር አያስወጣም፤ መስኮቶቹ ከተዘጉ የታፈነው አየር በሩን ይገፋዋል። መያዣውን ግን ከልኩ አሳልፌው ስለነበር፣ እሱን ለመመለስ ሌላ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።