ባቡሩን ተቀምጠው የጠበቁ ሰዎች አገር

ከሉኔቡርግ ወደ ዳነንበርግ የሚወስደው ባቡር ትንሽ ነው፤ መስመሩም ነጠላ። የጎርደን ጫካ አቋርጦ፣ ኤልበ ወንዝ ዳር ያለችውን ሂትሳከርን አልፎ ዳነንበርግ ሲደርስ ጉዞው ያበቃል። አብረውኝ የተሳፈሩት ብስክሌት የያዙ ሽርሽረኞችና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ነበሩ። እኔ ግን ዓይኔን ከሐዲዱ ዳር መንቀል አልቻልኩም። ከ1995 እስከ 2011 ድረስ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የኒውክሌር ቆሻሻ የጫኑ ባቡሮች በዚህ መስመር 13 ጊዜ መጥተዋል። ገበሬው፣ አስተማሪው፣ ጡረተኛው፣ ተማሪው ብርድ ልብሱን ይዞ ሐዲዱ ላይ ተቀምጦ ጠብቋቸዋል።

አገሩ ቬንድላንድ ይባላል። በሰሜን ጀርመን የሚገኝ፣ ወደ 50 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርበት የእርሻ አገር ነው። ጀርመን ለሁለት ተከፍላ በነበረበት ዘመን ዙሪያውን ከሞላ ጎደል በምሥራቅ ጀርመን ድንበር የታጠረ፣ መንገድ ሁሉ የሚቆረጥበት ጥግ ነበር። የታችኛው ሳክሶኒ ክፍለ ግዛት መሪ የነበሩት ኤርንስት አልብሬክት ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1977 ለጎርሌበን መንደር የታሰበውን ይፋ አደረጉ። ከማብላያዎች (ሪአክተሮች) የሚወጣውን ያገለገለ የኒውክሌር ነዳጅ መልሶ የሚያጣራ ግዙፍ ፋብሪካ ይተከላል፤ የሚተርፈው ቆሻሻ ደግሞ እዚያው፣ ከመሬት በታች ባለው የጨው አለት ውስጥ ለዘለዓለም ይቀበራል። ሕዝቡ ጥቂት ነው፣ ወግ አጥባቂ ገበሬ ነው፣ አይንጫጫም የተባለ ይመስለኛል። ያ ግምት ምን ያህል እንደሳተ ለማየት በመንደሮቹ ውስጥ በብስክሌት መዞር ይበቃል።

በየደጁ ቢጫ ቀለም የተቀቡ ሁለት ሳንቃዎች ተሻግረው ቆመዋል። በላቲኑ ፊደል ኤክስ ናቸው። ተቃዋሚዎቹ የመጀመሪያው ጭነት የሚመጣበትን፣ ገና ያልታወቀውን ቀን «ቀን ኤክስ» ይሉት ነበር፤ ምልክቱ የመጣው ከዚያ ነው። አንዳንዱ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ አንዳንዱ ሽበት አውጥቷል። ካረፍኩበት ቤት አጥር ላይ ያለው ከታች በስብሶ ስለነበር በአዲስ እንጨት ተደግፏል። የቤቱን ባለቤት፣ በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ አዛውንት ሴት፣ ለምን እንደማይነቅሉት ጠየቅኳቸው። «ቆሻሻው አለ አይደል?» አሉኝ። «እሱ ሲሄድ ይሄዳል።»

እኚህ ሴት በ1979 በትራክተር ወደ ሃኖቨር ከተጓዙት መካከል ናቸው። ማርች 25 የተነሳው የገበሬዎች ሰልፍ ከተማዋ ለመድረስ አንድ ሳምንት ፈጅቶበታል። በመንገድ ላይ ሳሉ፣ ማርች 28፣ አሜሪካ ውስጥ በስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ጣቢያ የማብላያው እምብርት በከፊል መቅለጡ ተሰማ። «እስከዚያ ቀን ድረስ ከመንገድ ዳር የሚያዩን ሰዎች ያፌዙብን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዳቦና ቡና ይዘው ይወጡ ጀመር» ብለው አጫወቱኝ። ማርች 31 ሃኖቨር ሲደርሱ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተሰብስቦ ነበር። በሜይ ወር አልብሬክት የማጣሪያው ፋብሪካ በፖለቲካ ረገድ ሊሳካ እንደማይችል አምነው ዕቅዱን ተዉት። የጨዉ ጉድጓድ ዕቅድ ግን አልተተወም።

ስለ ማሪያነ ፍሪትሰን ሳይነሳ የቬንድላንድ ወሬ አያልቅም። በ1924 የተወለዱ፣ በቁመታቸው አጭር፣ በጠባያቸው ቆፍጣና የነበሩ ሴት ናቸው። የአካባቢውን የዜጎች ንቅናቄ ከመሠረቱት አንዷ ሲሆኑ ለዓመታትም በሊቀመንበርነት መርተውታል። በ2016 አርፈዋል። ሉሾቭ ከተማ ውስጥ የጎርሌበን ቤተ መዛግብት አለ፤ ፎቶግራፉ፣ በራሪ ወረቀቱ፣ የፍርድ ቤት ደብዳቤው ሁሉ በሥርዓት ተሰድሮ ተቀምጧል። እነዚያን ማኅደሮች ሳገላብጥ የገረመኝ የጩኸቱ ብዛት አይደለም፤ የንባቡ ብዛት ነው። የጓዳና የእርሻ ሰዎች የከርሰ ምድር ጥናት አንብበዋል፣ ዳር ዳሩ ላይ ጥያቄ ጽፈዋል፣ መልስ ሲያጡ ደግመው ጽፈዋል።

በሜይ 1980 ጨዉን ለመመርመር ከታሰቡት የመቆፈሪያ ቦታዎች አንዱን፣ 1004 የሚባለውን፣ ተቃዋሚዎች ያዙት። ከግንድና ከሣር ጎጆ ሠርተው «የነፃ ቬንድላንድ ሪፐብሊክ» ብለው አወጁ። ወጥ ቤትም፣ መሰብሰቢያ አዳራሽም፣ ሬዲዮም፣ የራሱ ፓስፖርትም ነበረው። መንደሩ ለአንድ ወር ያህል ከቆየ በኋላ ጁን 4 ቀን በሺዎች የሚቆጠር ፖሊስ ከብቦ አፈረሰው። ሰዎቹ እንደተቀመጡ አንድ በአንድ እየተሸከሙ አወጧቸው። ዛሬ በቦታው ላይ ጥድ በቅሎበታል።

ከዳነንበርግ እስከ ጎርሌበን በመንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ካስቶር የሚባሉት የብረት ጋኖች ከባቡር ወርደው በከባድ መኪና የሚጓዙት ይህችን መንገድ ነበር። አንዱ ጋን ከ100 ቶን በላይ ይመዝናል፤ በውስጡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በፈረንሳይ፣ ላ አግ ላይ ከመስታወት ጋር ቀልጦ የተጋገረ ከፍተኛ ጨረር ያለው ቆሻሻ ነው። ማከማቻው ጫካው ውስጥ ነው። ከሩቅ ሲታይ ተራ መጋዘን ስለሚመስል የአካባቢው ሰው «የድንች ጎተራ» ይለዋል። ጋኖቹ ሙቀት ስለሚያወጡ የሚበርዱት በነፋስ ብቻ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር በግድግዳው ክፍተት ይገባል፣ የሞቀው በጣሪያው ይወጣል። ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ስመለከተው ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ ድምፅም የለም። አደገኛ ነገር እንዲህ አሰልቺ መስሎ ሊታይ መቻሉ ነው ይበልጥ ያስጨነቀኝ። በኒውክሌር ቆሻሻ ውስጥ የሚገኘው ፕሉቶኒየም 239 የጨረሩ ኃይል በግማሽ እንዲቀንስ 24 ሺህ ዓመት ይፈልጋል፤ የጀርመን ሕግ ደግሞ የመጨረሻው መቀበሪያ ለ1 ሚሊዮን ዓመት ደኅንነቱ እንዲረጋገጥ ያዝዛል። የጎተራው ፈቃድ የሚያበቃው በ2034 ነው።

ፊት ለፊት የጨው ጉድጓዱ አለ። ከ1986 ጀምሮ የተቆፈረው ዋሻ 840 ሜትር ጥልቀት ላይ ደርሶ ነበር። በሩ አጠገብ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ ግሪንፒስ በ2013 ያቆማት «ቤሉጋ» የተባለች የድሮ መርከብ ከውኃ ርቃ ጥድ መሐል ቆማለች። ትንሽ ራቅ ብሎ የእንጨት መስቀሎች አሉ፤ እሑድ ከቀኑ በ8 ሰዓት ሰዎች እዚያ ተሰብስበው ይጸልያሉ። ይህ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሳይቋረጥ የቆየ ልማድ ነው። በሄድኩበት እሑድ ዝናብ ነበር፤ የመጡትም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አንዲት ሴት አጭር ንባብ አነበቡ፣ ተዘመረ፣ ከዚያ በፔርሙስ ያመጡትን ቡና እያዞሩ ስለ ጎተራው ፈቃድ መወያየት ጀመሩ። እኔ የሃይማኖት ሰው ብሆንም ባልሆንም ያን ጽናት ዝቅ አድርጌ ማየት አልችልም።

ስለ ጨዉ ደግሞ እውነቱ ይህ ነው። የከርሰ ምድር ተመራማሪው ክላውስ ዱፕሆርን ገና በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ከጨዉ በላይ ያለው ሽፋን ሙሉ አለመሆኑን አሳይተው ነበር። በበረዶ ዘመን የተቦረቦረ ቦይ የሸክላውን ንብርብር ጠርጎታል፤ የከርሰ ምድር ውኃ ጨዉ ዘንድ ይደርሳል። ሆኖም ቁፋሮው ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ፣ ገንዘቡም ፈሰሰ። በመጨረሻ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2020 መቀበሪያ ቦታ የሚፈልገው አዲሱ የመንግሥት ተቋም የመጀመሪያ ዘገባውን ሲያወጣ ጎርሌበን ከዕጩ ቦታዎች ዝርዝር ውጪ ሆነ። አንዱ ዋና ምክንያት ያው የሽፋኑ ጉድለት ነበር። አርባ ዓመት «ስሜታዊ ናችሁ፣ ሳይንስ አታውቁም» ሲባሉ ለኖሩ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ። ዕቁብ እንደደረሰው ሰው አልጨፈሩም። ብዙዎቹ አለቀሱ ነው ያሉኝ።

አንድ የድንች ገበሬ የራሱን የእርሻ ጎተራ ከፍቶ የቆዩ ነገሮችን አሳየኝ። በ2010 ሃርሊንገን አጠገብ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሐዲዱ ላይ ሲያድሩ ጭድ የጫነው እሱ ነው። ኖቬምበር ስለሆነ ከታች የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ስለዚህ ማዳበሪያ ከረጢት በጭድ ሞልቶ ለመቀመጫ ያድል ነበር። ከረጢቶቹን አሁንም አልጣላቸውም፤ አይጥ የበላቸው ጥቂቶች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ሌሊቱን ፖሊሶቹ ተቀማጩን አንድ በአንድ እያነሱ ሲወስዱ እሱ ሾርባ ያመላልስ ነበር። «ለፖሊሶቹም ሰጥቻለሁ፤ እነሱም በርዷቸዋል» አለኝ። ከዚያ ፊቱ ከበደ። በ2004 ፈረንሳይ ውስጥ፣ አቭሪኩር አጠገብ፣ አንድ ወጣት ተቃዋሚ የኒውክሌር ቆሻሻ በጫነ ባቡር ተገጭቶ መሞቱን አነሳ። ያን ዓመት ዜናው ሲደርስ መንደሩ ሁሉ ሻማ ይዞ እንደወጣ ነገረኝ።

ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ እንዳልነበረ የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። በ1998 አንዳንድ ጋኖች በላያቸው ላይ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ የጨረር ብክለት እንደነበረባቸው፣ ኢንዱስትሪውም ለዓመታት እያወቀ ዝም እንዳለ ተጋለጠ። በወቅቱ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት አንገላ ሜርክል ጭነቱን ለማቆም ተገደዱ። እስከ 2001 ድረስም ወደ ጎርሌበን የመጣ ጭነት አልነበረም።

ጀርመን የመጨረሻዎቹን ሦስት ማብላያዎች ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ዘግታለች። ሰው ሁሉ ታሪኩ አለቀ ይላል። ጎርሌበን ጎተራ ውስጥ ግን 113 ጋኖች አሉ፤ ማብላያ ተዘጋ ተብሎ የትም አይሄዱም። ገበሬውን የሚያናድደው ይህ ነው። ተቃውሟቸው «ከእኛ ደጅ ውሰዱልን» ብቻ ቢሆን ኖሮ በ2020 ያበቃ ነበር። እነሱ የሚሉት ሌላ ነው፦ መቀበሪያ ሳይኖር ቆሻሻ አታምርቱ፤ ቦታ ስትፈልጉም ከሚኖርበት ሰው አትደብቁ።

መደበቅ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ከቬንድላንድ ወደ ደቡብ ወረድኩ። ቮልፈንቢውተል አጠገብ፣ ረምሊንገን ከምትባል መንደር በላይ፣ አሰ የተባለ አሮጌ የጨው ማዕድን አለ። ከ1967 እስከ 1978 ድረስ፣ ለምርምር ተብሎ፣ ወደ 126 ሺህ በርሜል ቆሻሻ ወርዶበታል። መጀመሪያ በርሜሎቹን እየደረደሩ ነበር፤ በኋላ በመጫኛ መኪና ከአፋፉ ላይ እየገለበጡ ጨው አለበሷቸው። የዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ አየሁ፤ ቢጫ በርሜሎች ከጨው ቁልቁለት ላይ እየተንከባለሉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጠማዝዘው ወድቀዋል። ከ1988 ጀምሮ ደግሞ ውኃ ይገባል፣ በቀን 12 ሺህ ሊትር ገደማ። የጎርሌበን ሰዎች ሲቃወሙ፣ አሰ ለጎርሌበን አርአያ ሆና ትጠቀስ ነበር።

እዚህም ሕዝቡ ዝም አላለም። በፌብሩዋሪ 2009 ከብራውንሽቫይክ በአሰ በኩል 52 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ የመብራት ሰንሰለት ሠርተዋል። በየደጁ ቢጫ ሳንቃ አለ፤ ቅርጹ ግን የላቲኑ ኤ ነው። በ2013 የወጣው ሕግ በርሜሎቹ ተመልሰው እንዲወጡ አዘዘ፤ ሥራው በ2033 ይጀመራል ተብሎ ታቅዷል። አሁን መንደሩን የያዘው ክርክር ሲወጡ የት ይቀመጡ የሚለው ነው። ኃላፊው ተቋም እዚያው ማዕድኑ አጠገብ ማቆያ ሊሠራ ይፈልጋል፤ ነዋሪዎቹ ራቅ ያሉ ቦታዎችም ቀርበው በእኩል ይመዘኑ ይላሉ። እኔም ሰሚ ሆኜ ብመጣም ከነዋሪዎቹ ጋር እስማማለሁ፤ አማራጭ ሳይታይ የተመረጠ ቦታ ምን እንዳመጣ ጎርሌበን ላይ አይቼዋለሁ። ረምሊንገን ያነጋገርኳቸው ጡረተኛ መምህር የተቋሙን ሰነድ ከቦርሳቸው አወጡ። በየገጹ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ጥያቄ እያዘጋጁ ነበር።