«ደርሰዋል»

ዛሬ ጠዋት የተሳፈርኩበት መኪና ገና ጎተራ ማሳለጫ ላይ እያለ የሾፌሩ ስልክ «ደርሰዋል» አለ። የምሄደው ሳሪስ ነው። ሾፌሩ ስልኩን ገልመጥ አድርጎ «የት ነው የደረስነው ጌታዬ?» ብሎ ሳቀ።

እኔ ደግሞ ማታ ሳነበው ያመሸሁት የስኪያፓሬሊ ጉድ ትዝ አለኝ። የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲ በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ሊያሳርፋት የነበረች መንኮራኩር ናት። ፓራሹቷ በደንብ ተዘረጋ። ግን ሲዘረጋ ክፉኛ ተወዛወዘች። የመዞሯን ፍጥነት የሚለካው መሣሪያ ሊለካ የሚችለውን ጣሪያ ነካና ለአንድ ሰከንድ ያህል እዚያው ደርቆ ቀረ። ኮምፒውተሩ ያንን አምኖ ሲያሰላ ከፍታው ከዜሮ በታች ወጣለት። ከማርስ አፈር ስር ማለት ነው! እሷ እኮ ገና 3.7 ኪሎ ሜትር አየር ላይ ነበረች።

ኮምፒውተሩ «ደርሻለሁ» ብሎ ፓራሹቱን ጣለ። ፍጥነቷን ለመቀነስ 30 ሰከንድ ገደማ መንደድ የነበረባቸውን ሞተሮች በ3 ሰከንድ አጠፋ። በሰዓት 540 ኪሎ ሜትር እየበረረች ተፈጠፈጠች።

መርማሪዎቹ ይህን ያወቁት እየወረደች መረጃ ትልክ ስለነበር ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የጠፋችው የአሜሪካዋ የማርስ መንኮራኩር ማርስ ፖላር ላንደር ግን ስትወርድ መረጃ አትልክም ነበር፤ ስለ መጥፋቷ ምክንያት የተደረሰው «ሳይሆን አይቀርም» ላይ ብቻ ነው።

እኔን ያናደደኝ ግን፣ «ከመሬት በታች ልሆን አልችልም» የምትል አንዲት ፍተሻ እንዴት ትጠፋለች?

ሾፌሩ ስልኩን ደፍቶ መንገዱን እያየ ሳሪስ አደረሰኝ።