ሁለት ፍጻሜ ተሸንፎ ሦስተኛውን የወሰደ ቡድን

ስለ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ሲነሳ ወሬው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከነሐሴ 2016 ዓ.ም. ነው። አዲስ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በአዲስ አበባው አበበ ቢቂላ ስታዲየም ሰው ሰራሽ ሣር ላይ፣ ቡድኑ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፎ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዞን ማጣሪያን በድል አጠናቀቀ፤ በዚህም ለአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ያለፈ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ። የዚያን ቀን ደስታ ማንም አይነጥቀንም። ይሁን እንጂ የዚህን ቡድን ታሪክ ከድሉ ቀን መጀመር ዋናውን ነገር መዝለል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የንግድ ባንክን ሴቶች ከሌሎቹ የሚለያቸው ከማሸነፋቸው በፊት በነበሩት ዓመታት ያደረጉት ነገር ነው።

ውድድሩ በአፍሪካ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን፣ በእኛ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ኬንያ ውስጥ በተካሄደው የመጀመሪያው የዞን ማጣሪያ ንግድ ባንክ እስከ ፍጻሜ ደርሶ ነበር። የቡድኑ አጥቂ ሎዛ አበራ በዚያ ውድድር ብቻ 13 ጎሎችን አስቆጥራ የማጣሪያው ኮከብ ጎል አግቢ ሆነች፤ ነገር ግን በፍጻሜው ባለሜዳው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውንም ትኬቱንም ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ታንዛኒያ ላይ ንግድ ባንክ ለፍጻሜ እንኳ ሳይደርስ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኡጋንዳ፣ ንጄሩ ላይ ደግሞ እንደገና ፍጻሜ ገባና በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ተሸነፈ። በእኛ አገር እግር ኳስ ሁለት ፍጻሜ የተሸነፈ ቡድን ብዙውን ጊዜ የሚገጥመው ነገር የታወቀ ነው፤ አሰልጣኙ ይሰናበታል፣ ተጫዋቾቹ በየክለቡ ይበተናሉ፣ አመራሩም በጀቱን ለሌላ ነገር ያውለዋል። እዚህ ግን በናይሮቢው ሽንፈትም በአዲስ አበባው ድልም የቡድኑ አሰልጣኝ ብርሃኑ ግዛው ነበሩ። የቡድኑን ውጤት ለማስረዳት አንድ ምክንያት ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

ስለ ሎዛ የሚነገረው ሁሉ እውነት መሆኑን አምናለሁ። ከዱራሜ ተነስታ በሐዋሳ ከተማና በደደቢት አልፋ፣ ወደ ስዊድንና ወደ ማልታ ተጉዛ፣ በማልታ ከቢርኪርካራ ጋር የሊጉን ዋንጫ አንስታ የተመለሰች ተጫዋች ናት። ሆኖም ቡድኑ በመጨረሻ ለአህጉራዊው መድረክ የበቃው እርሷ ወደ አሜሪካው ዲሲ ፓወር ባቀናችበት ዓመት ነው። ሰው ይህንን እንደ ግጥምጥሞሽ ሊያየው ይችላል፤ እኔ ግን ክለቡ በአንድ አጥቂ እግር ላይ እንዳልቆመ የሚያሳይ ማስረጃ አድርጌ እወስደዋለሁ። እንደ ሴናፍ ዋቁማና አረጋሽ ካልሳ ያሉ ተጫዋቾች በአንድ ቡድን ውስጥ ለተከታታይ ዓመታት አብረው ሲሰለጥኑ፣ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ ሳይነጋገሩ የሚያውቁበት ደረጃ ላይ ይደርሳሉ፤ ይህ ደግሞ በአንድ ክረምት ዝውውር የሚገዛ ነገር አይደለም።

የደደቢትን ነገር ማስታወስ እዚህ ላይ ተገቢ ነው። የደደቢት ሴቶች ሊጉን በበላይነት የመሩበት ዘመን ነበር፤ ክለቡ ሲዳከም ግን ያ ሁሉ ቡድን አብሮ ጠፋ። በንግድ ባንክ ቤት የሆነው ከዚህ በተቃራኒ ነው፤ የወንዶቹ ቡድን ወርዶና ፈርሶ ለዓመታት ከሜዳ በራቀበት ጊዜ የባንኩን ስም በእግር ኳስ ያቆዩት ሴቶቹ ናቸው። ወንዶቹ ተመልሰው በ2016 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሱ ሁለቱም ቡድኖች በአንድ ክረምት ወደ አፍሪካ መድረክ ወጡ፤ ወንዶቹ በማጣሪያው በያንግ አፍሪካንስ ሲሰናበቱ፣ ሴቶቹ ግን ስምንት ክለቦች ብቻ ወደሚገኙበት ወደ ሞሮኮው ውድድር ሄዱ። (በዚያ ሰሞን የጋዜጣ ርዕስ ብዛት ቢቆጠር ግን የወንዶቹ ሽንፈት ከሴቶቹ ድል ይበልጥ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።)

ሞሮኮ ላይ ውጤቱ ጥሩ አልነበረም። ከደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ከግብጹ ማሳር እና ከናይጄሪያው ኤዶ ኩዊንስ ጋር ተመድቦ ከምድቡ ማለፍ አልቻለም። የመጀመሪያውን፣ በኤዶ ኩዊንስ 3 ለ 0 የተሸነፈበትን ጨዋታ፣ መርካቶ አካባቢ ባለ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ጥግ ተቀምጬ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በስልክ ነበር የተከታተልኩት። አዳራሹ የቼልሲንና የአርሰናልን ጨዋታ በሚጠብቁ ሰዎች ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የእኛ ስልክ ደግሞ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ምስሉ እየቆመ ነጭ ክብ ይሽከረከራል፤ ሲመለስ ኳሱ ሌላ ቦታ ነው። ከፊታችን የተቀመጠ ወጣት ዞር ብሎ፣ «የማን ጨዋታ ነው?» አለን። ነገርነው። «ሴቶቹ ደርሰዋል እንዴ?» ብሎ ወንበሩን ወደ እኛ አዙሮ ተቀመጠ፤ ለንደን ላይ ጨዋታው እስኪጀምርም አልተነሳም። ከስልኩ የታየኝን ያህል፣ ልዩነቱ የኳስ ችሎታ ሳይሆን የሰውነት ጥንካሬና የውሳኔ ፍጥነት ነበር፤ የናይጄሪያዎቹ ተከላካዮች በትከሻ ሲገፉ የእኛዎቹ ኳሱን ለመቆጣጠር ሁለተኛ ንክኪ ይፈልጉ ነበር፤ ያቺ ሁለተኛ ንክኪ ደግሞ በዚያ ደረጃ አትፈቀድም። ይህ የሚስተካከለው በየሳምንቱ ጠንካራ ግጥሚያ በማድረግ እንጂ በዓመት አንዴ ለውድድር በመሄድ አይደለም።

ጅማ ውስጥ ሆኜ ይህን ሁሉ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ከተማ የዋንጫ ጣዕም ያውቃል፤ ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ሻምፒዮን ሲሆን መንገዱ ሁሉ ለሰው ጠቦ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መውረዱንም አይተናል። ዋንጫ ማንሳትና ክለብ ማቆም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሄርማታ፣ ሰፈራችን፣ ከወንዶች ጋር የምትጫወት አንዲት ታዳጊ አለች፤ ግራ እግሯ ነው፤ ኳስ ስትቀበል ሰውነቷን አስቀድማ ስለምታዞር ወንዶቹ ከኋላዋ ይቀራሉ። እናቷ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። አንድ ቀን ስለ ልጃቸው ሳወራቸው እንዲህ አሉኝ፦

«ኳሱን ተወው፤ ደመወዙ በየወሩ ነው ወይስ ሲያሸንፉ ብቻ?»

«የሚከፍል ክለብ ከሆነ በየወሩ ነው፣ እትዬ፤ ውል ይፈራረማሉ።»

«ካልከፈለስ?»

ለዚህ የምመልሰው አልነበረኝም። ከብዙ የስፖርት ፕሮግራም ክርክር ይልቅ የእትዬ ጥያቄ ነገሩን በቀጥታ ይነካዋል። የንግድ ባንክ ተጫዋች ከምንም በላይ ያላት ብልጫ ከኋላዋ የቆመው በየወሩ ደመወዝ የሚከፍል ትልቅ ተቋም መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ክለቦቻችን ግን በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ ናቸው፤ በጀቱ ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው ደግሞ የሴቶቹ ቡድን ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በወንዶች አህጉራዊ ውድድር የሚሳተፍ ክለብ ሁሉ የሴቶች ቡድን እንዲኖረው በፈቃድ መስፈርቱ ማስገደዱ ጥሩ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ለመስፈርት ሲባል የተቋቋመ ቡድንና ለማሸነፍ የተቋቋመ ቡድን በአንድ ዓመት ውስጥ ይለያያሉ። ገንዘቡም ቢሆን ከእንግዲህ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ አሸናፊ ሽልማት 600 ሺህ ዶላር ደርሷል።

ባንክ ከኋላው የሌለ ክለብ ምን ያድርግ የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ በአንድ ጽሑፍም አያልቅም። ቢያንስ ጅማ አሁን ባላት ነገር ልትጀምረው የምትችለው አንድ ሥራ አለ። የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ በተመረጡ ከተሞች በዙር ይካሄዳል፤ የወንዶቹ ሊግ በዚሁ መልክ በተካሄደበት በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ጨዋታዎችን አስተናግዷል። ሜዳው አለ፣ ማደሪያው አለ፣ ተመልካቹም አለ። የሴቶቹን አንድ ዙር እዚህ ማምጣት ለከተማው ከባድ ወጪ አይመስለኝም፤ የሚከብደው ጊዜውን መምረጥ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በዙሪያችን ባሉ ወረዳዎች የሚገኙ ልጃገረዶች ቡና ለቀማ ላይ ናቸው፤ ጨዋታው የካቲት ላይ ቢሆንና ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ቢደረግ፣ ከማና፣ ከጎማና ከሰቃ የሚመጡት ሳይቀሩ ተሳፍረው ገብተው አይተው በጊዜ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ይችላሉ። በሥራ ቀን ጠዋት በባዶ ወንበር ፊት ከሆነ ግን ባይመጣም አይቆጨኝም።