ከባቦጋያ ወደ ውድድር መስመር፦ የዊንድሰርፊንግ ዝግጅቴ እስካሁን

ከዱከም ነው የምጽፈው። ዊንድሰርፊንግ ሸራ በተተከለበት ቦርድ ላይ ቆሞ በንፋስ ጉልበት ውሃ ላይ መሄድ ነው። ብዙዎቻችሁ "አሁን የት ደረስሽ?" ስትሉኝ ከርማችኋል። አጭሩ መልስ ይኸው፦ የክላስ ማህበር አባል ሆኛለሁ፤ ለመጀመሪያ ውድድሬም እየተዘጋጀሁ ነው። ረጅሙ መልስ ደግሞ ከዚህ በታች አለ። በተለይ ቦርዱ ላይ መቆም ችላችሁ "ከዚህስ በኋላ?" ለምትሉ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

በሸራ ስፖርት ክላስ የሚባለው አንድ ዓይነት ቦርድና ሸራ ይዘው የሚወዳደሩ ሰዎች ስብስብ ነው። እኔ የመረጥኩት ዊንድሰርፈር ኤልቲ ይባላል። ቦርዱ 3.66 ሜትር ይረዝማል፤ 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሸራው 5.7 ካሬ ሜትር ነው። ሁሉም ሰው እኩል እቃ ስለሚይዝ ገንዘብ ያለው ፈጣን ሸራ ገዝቶ አይቀድምም። ተወዳዳሪዎች በክብደት ስለሚመደቡ ደግሞ እንደኔ ቀለል ያለ ሰውም ቦታ አለው። በኦሎምፒክ ከፓሪስ 2024 ጀምሮ ያለው አይኪውፎይል ነው፤ ከስሩ ባለው ክንፍ ከውሃው በላይ ብድግ ብሎ ይሄዳል። ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ግን ዋጋው አይቀመስም፤ ቢሾፍቱ ላለው ለእኛ ሀይቅ ለባቦጋያ ቆራጣ ንፋስም የሚመች አይደለም። እኔ የምለማመደው ከዊንድሰርፈሩ ጋር በሚቀራረብ ረጅም የቆየ ቦርድ ነው። ውድድሩ ቦታ ስደርስ ትክክለኛውን እከራያለሁ።

አባልነቱ ለምን አስፈለገ? ውድድር ላይ ለመመዝገብ ፍጥነት አይጠየቅም። የሚጠየቀው የአንድ አገር የሸራ ፌዴሬሽን ወይም ከእሱ ጋር የተያያዘ ክለብ አባል መሆን ነው። ይህ በዓለም አቀፉ የውድድር ህግ ላይ የተጻፈ ነገር ነው። የክላሱ ማህበር ደግሞ የእቃውን ደንብና የውድድሩን ቀን መቁጠሪያ ይሰጣችኋል፤ ልምድ ካላቸው ሰዎች ጋርም ያገናኛችኋል። እህቴ ሚላን ስለምትኖር የገባሁት በጣሊያን በኩል ነው። ክፍያውንም እሷ ፈጽማልኛለች፤ ከዚህ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ከአባልነቱ ሌላ የጤና ምስክር ወረቀትና በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆን ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። የቪዛውን ወረቀት አስቀድማችሁ ጀምሩ። ስለ ወረቀት ይሄው ይበቃል።

ወደ ውሃው ልመለስ። ውድድሩን ያሰብኩት ጣሊያን ባለው ጋርዳ ሀይቅ ላይ ነው። እዚያ ጠዋት ከሰሜን ፔሌር የሚሉት ንፋስ ይነፍሳል፤ ከሰዓት ደግሞ ከደቡብ ኦራ ይመጣል። ዙሪያው ተራራ ነው። ስለዚህ ባቦጋያ ላይ የለመድኩት ነገር ከሞላ ጎደል ይጠቅመኛል። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ፤ አየሩ።

ቢሾፍቱ ከባህር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጋርዳ ደግሞ 65 ሜትር ላይ። በእኛ ከፍታ አየሩ ከባህር ወለሉ በ17 በመቶ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ንፋሱ ሸራውን የሚገፋበት ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሳሰላው እዚህ 11 ኖት የሚነፍስ ንፋስ የሚገፋኝ እዚያ 10 ኖት በሚገፋኝ ልክ ነው። አንድ ኖት 1.85 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ ልዩነቱ ኢምንት ሊመስል ይችላል። በሸራ ስፋት ስትለኩት ግን ይገባችኋል። የ5.7ቱን ሸራ የጋርዳ ጉልበት እዚህ ለማግኘት ወደ 6.9 ካሬ ሜትር መዘርጋት አለብኝ። ስለዚህ አሁን ሰባት ካሬ ሜትር የሚጠጋ የቆየ ሸራ ተውሼ እለማመዳለሁ። ክንድና ወገብ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ የሞከረ ያውቀዋል! ደብረ ዘይት ላይ ተለማምዶ ወደ ቆላ ወይም ወደ ባህር የሚወርድ ሰው ሁሉ ይህን ሂሳብ ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

የባቦጋያ ንፋስ ደግሞ ራሱን የቻለ አስተማሪ ነው። ሀይቁ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆነ ዙሪያው ገደል ነው። ንፋሱ ገደሉን ዘሎ ሲወርድ ይበታተናል። ከአንድ ጥግ ይመጣና ድንገት ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ከሌላ ጥግ ይነሳል። መጀመሪያ ላይ ንፋስ የምፈልገው ዳር ያሉት ዛፎች ላይ ነበር። በጀልባ የሚጠብቁኝ ጋሼ ናቸው "ልጄ፣ ዛፉን ተይው። ውሃውን እይ" ያሉኝ። እውነትም ንፋሱ ውሃውን ሲነካው ፊቱ ይሸበሸብና ጠቆር ያለ ጥላ ይፈጠራል። ጥላው ወደ እናንተ ሲመጣ እስኪደርስ ጥቂት ሰከንድ አላችሁ። በዚያች ጊዜ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ክብደቴን ወደ ኋላ አዘጋጃለሁ። ሲደርስ ቦርዱ ይተኮሳል። ሳይዘጋጁ ከደረሰ ግን ሸራው ጎትቶ ውሃ ውስጥ ይከታል። አሁን ዓይኔ ሳላስበው ጥቁር ውሃ ይፈልጋል።

ብዙውን ጊዜዬን የሰጠሁት ለአጀማመር ነው። ውድድር የሚጀመረው በሁለት ምልክቶች መሀል ባለ የማይታይ መስመር ላይ ነው። አምስት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ባንዲራ ይሰቀላል፣ አራት ሲቀረው ሁለተኛው። አንድ ደቂቃ ሲቀር ሁለተኛው ይወርዳል። ዜሮ ላይ የመጀመሪያውም ይወርድና ጉዞ ይጀመራል። ድምፅም አለ፤ የሚታመነው ግን ባንዲራው ነው። እኛ ሁለት ቢጫ ጀሪካን በገመድና በድንጋይ አስረን መስመር እንሠራለን። የሀይቁ መሀል ከ60 ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ ገመድ አይበቃውም፤ ወደ ዳር ተጠግተን ነው የምንጥለው። ጋሼ ሰዓት ይይዛሉ፤ ፊሽካቸውን እየነፉ ሁለት ጨርቅ ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ።

ከሁሉ የከበደኝ መሄድ ሳይሆን መቆም ነው። መስመሩ አጠገብ ሸራውን ለቀቅ አድርጎ፣ ሳይንሸራተቱና ሳይወድቁ ቦታን ይዞ መጠበቅ። ከቆሙበት ተነስቶ ሙሉ ፍጥነት ለመያዝ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅም ማወቅ ያስፈልጋል፤ እንደ ንፋሱ ይለያያል። አንድ ጠቃሚ ዘዴ ልንገራችሁ። መስመሩ መሀል ቆማችሁ፣ ፊታችሁን ንፋሱ ወደሚመጣበት አዙራችሁ ሸራውን ልቀቁት፤ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። ወደ ግራው ጫፍ ካዘነበለ ንፋሱ ከቀኝ በኩል ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ በቀኙ ጫፍ መጀመር ያዋጣል። ወደ ቀኝ ካዘነበለ ደግሞ ግራውን ምረጡ።

ህጉን በተመለከተ፣ መጽሐፉ በየአራት ዓመቱ ይታደሳል፤ አሁን የሚሠራው እ.ኤ.አ. የ2025 እስከ 2028 ነው። ሲያዩት ያስፈራል። ለጀማሪ ግን ጥቂቱን በደንብ መያዝ ይበቃል። ሁለት ሰው በተቃራኒ አቅጣጫ ሲገናኝ ንፋሱን ከቀኝ የሚቀበለው ቅድሚያ አለው። ቦርድ ላይ ሆኖ ለማወቅ እጃችሁን እዩ፤ ወደ ምሰሶው የቀረበው ቀኝ እጃችሁ ከሆነ ቅድሚያው የእናንተ ነው። በአንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን ስትሄዱ ደግሞ ለንፋሱ የቀረበው ለሌላው ይለቃል። ከኋላ የሚመጣ ከፊት ያለውን አይነካም። ህግ የጣሰ ሰው ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ሙሉ አንድ ዙር ዞሮ ይቀጥላል። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ህግ ደግሞ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት ነው። ውድድሩ እየተካሄደም ቢሆን። ይሄን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ንፋስ በሌለበት ቀን ግቢ ውስጥ ምሰሶውንና ቡሙን (ሸራውን የምንይዝበትን አግዳሚ ዘንግ) ከዛፍ ጋር አስሬ አያያዝ እለማመዳለሁ። መዳፌ ጠንክሯል፤ ክንዴ ግን ገና ይቀረዋል።

ቀጣዩ እቅዴ ላንጋኖ ነው። እዚያ ሀይቁ ሰፊ ነው፤ ከሰዓት ንፋሱ ሳይቆራረጥ ረጅም ርቀት ያስኬዳል። የረጅም ርቀት ውድድር ልምምዱን የምሠራው እዚያ ይሆናል።

አሁን የጎደለኝ ሰው ነው። የቅድሚያ ህግ ብቻን ሆኖ አይለመድም፤ መስመር ላይ ቦታ የሚሻማኝ ቢያንስ አንድ ቦርድ ያስፈልገኛል። ተሰባስበን ብዙ ስንሆን ደግሞ የራሳችንን ማህበር ስለማቋቋም ማውራት እንችላለን። መዋኘት የምትችሉና የህይወት ጃኬት ያላችሁ፣ እሁድ እሁድ ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ባቦጋያ ነኝ። ጀሪካኖቹን ካያችሁ እኔን አገኛችሁ ማለት ነው። ቦርድ ለሌላችሁም ሸራውን ተራ በተራ እንይዘዋለን፤ ዳር የቀረው ሰዓት ይይዛል።