«ዜጋ ካልሆንክ አትገባም»

ከሲያትል በስተደቡብ፣ ኬንት አካባቢ፣ የአውሮፕላን ፓርት የሚቆርጡ ብዙ ትናንሽ ሾፖች አሉ። የምሠራው ከእነሱ በአንዱ ነው። ማሽኒስቶቹ ይቆርጣሉ፣ እኔ ኢንስፔክሽን ላይ ሆኜ እለካለሁ። ልኩ ከድሮዊንጉ፣ ማለትም ከንድፉ፣ ጋር ከገጠመ እፈርማለሁ፣ ፓርቱም ይጫናል።

ሥራችን ለረጅም ጊዜ የመንገደኛ አውሮፕላን ብቻ ነበር። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ትእዛዝ ደረቀ። ያኔ ባለቤቱ የወታደር ኮንትራትም መያዝ ጀመረ። በዚህ ሰፈር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቦይንግ ራሱ ኤቨረት ላይ የአየር ኃይሉን ነዳጅ አዳይ፣ ኬሲ-46ን፣ ከ767 የጭነት አውሮፕላን ጋር በአንድ መስመር ላይ ነው የሚገጣጥመው። የባሕር ኃይሉ የቅኝት አውሮፕላን ፒ-8 ደግሞ ሬንተን ላይ ከመንገደኛው 737 ነው የሚወጣው። መንገደኛ ሲጠፋ ወታደሩ ደሞዝ ይከፍላል። ብዙዎቻችን የቤት ኪራያችንን የከፈልነው በዚያ ገንዘብ ስለሆነ ይህን ለመንቀፍ አልቸኩልም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ስንገባ ከማሽኖቹ ገሚሱ በቢጫ ቴፕ ተከልሏል። ባጃችንም በቀለም ተለይቷል። ሱፐርቫይዘሩ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«አንተ በዚህ በኩል ነህ» አለኝ።

«ለምን?»

«አይታር ነው። ዜጋ ካልሆንክ አትገባም።»

«ግሪን ካርድ አለኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። ዜጋ ብቻ ነው የተባልኩት።»

ሰውየው ክፉ አይደለም። ዓይኔን እንኳ ማየት አልቻለም። ግን ደሜ ፈላ። ሕፃን ያቀፈች እናት የምትሳፈርበትን አውሮፕላን ፓርት «ይለፍ» ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። በዚያ ታምኛለሁ። ቴፑን ተሻግሬ ያንኑ 7075 አሉሚኒየም፣ በዚያው ማይክሮሜትር ልለካ ስል ግን አልታመንም። ኦቨርታይሙም ያለው ከቴፑ ወዲያ ነበር።

አይታር የጦር መሣሪያና ተዛማጅ ዕውቀት ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚቆጣጠር የአሜሪካ ደንብ ነው። ቀልድ የለበትም። ድሮዊንጉን እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ላልተፈቀደለት የውጭ ሰው ማሳየት ራሱ ወደ ውጭ እንደመላክ ይቆጠራል። ቅጣቱ ለአንድ ጥፋት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ትንሽ ሾፕ ይህን ሰምቶ ቢደነግጥ አይገርምም። ነገር ግን ያው ደንብ የሚፈቀድላቸውን ሲዘረዝር ዜጋን ብቻ አይልም። ግሪን ካርድ ያለውም፣ በስደተኝነት የገባውም፣ ጥገኝነት ያገኘውም አሉበት። ዜግነት የግድ የሚሆነው ምስጢራዊ ተብሎ ሴኩሪቲ ክሊራንስ፣ ማለትም የመንግሥት የምስጢር ፈቃድ፣ ለሚጠይቅ ሥራ ነው። እኛ የምንቆርጠው ብራኬት፣ ማያያዣ ፓርት፣ እዚያ ውስጥ አልነበረም።

ይህን ያወቅሁት ማታ ማታ እያነበብኩ ነው። ሆንዳ ኤርክራፍት የሥራ ማስታወቂያዎቹን በዜግነት ገድቧል ተብሎ በ2019 44,626 ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ጄኔራል ሞተርስም ከዚሁ ሕግ ጋር በተያያዘ ግሪን ካርድ ያላቸውን ሠራተኞች ያለአግባብ ሌላ ሰነድ ጠይቋል ተብሎ በ2023 365,000 ዶላር። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በዚያው ዓመት በዚሁ ጉዳይ ለአሠሪዎች ግልጽ መመሪያ አውጥቷል። ሁሉንም አትሜ ፎልደር ውስጥ ከተትኩ።

ኤች አር ቢሮ ከመሄዴ በፊት በምሳ ሰዓት ለጋሼ አሳየኋቸው። ጋሼ የምንላቸው ከእኛ ሁሉ ቀድመው የገቡ ማሽኒስት ናቸው። ዜጋ ከሆኑ ቆይተዋል። በደርግ ጊዜ ወታደር ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው አንብበው ሲጨርሱ ፎልደሩን መለሱልኝ።

«እውነት አለህ» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ እዚያ የምንቆርጠው ምን ላይ እንደሚገጠም ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እኔም አይነገረኝም። አንተ ከጦርነት ሸሽተህ አይደል የመጣኸው?»

«ነው። ግን እሱና ይሄ ምን አገናኛቸው? እኔ የጠየቅሁት መብቴን ነው።»

«መብትህን ጠይቅ። ከገባህ በኋላ ግን ምን እንደምትፈልግ ደግሞ ራስህን ጠይቅ።»

መልስ አልነበረኝም። ተናድጄባቸውም ነበር። በዚያች ሰዓት የፈለግሁት ከጎኔ የሚቆም ሰው እንጂ ጥያቄ የሚጨምርብኝ አልነበረም።

ኤች አሯ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠች። «ጠበቃችንን ልጠይቅ» አለችኝ። ሳምንታት አለፉ። ከዚያ አንድ ጠዋት በሩ ላይ የነበረው ማስታወቂያ ተነስቶ በሌላ ተተካ። አዲሱ ግሪን ካርድንም ጥገኝነትንም ይጠቅሳል። ባጄ ተቀየረ። ይቅርታ ያለኝ ሰው ግን የለም። ያመለጠኝን ኦቨርታይም ያነሳም የለም። ሴፍቲ ሚቲንግ ላይ ሥራ አስኪያጁ «ፖሊሲያችንን አሻሽለናል» ብሎ አለፈው። ያሻሻለው እሱ ይመስል።

ቴፑን ተሻግሬ ገባሁ። ሥራው ያው ሥራ ነው፣ ድሮዊንጉ ጠርዝ ላይ ካለው ማስጠንቀቂያ በቀር። ልኩን ለክቼ ብዕሬን ሳነሳ የጋሼ ጥያቄ መጣብኝ። ምን ላይ እንደሚገጠም አላውቅም። አገሬ ላይ የቦምብ ድምፅ ሰምቻለሁ። የማን ፋብሪካ፣ የማን ፊርማ እንዳለፈበት ያኔ አስቤ አላውቅም ነበር።

ፓርቱ ትክክል ስለነበር ፈረምኩ። የዚያን ሳምንት ሱፐርቫይዘሩን ለብቻው አገኘሁትና ሥራ ካልበዛ በቀር የመንገደኛ አውሮፕላኑን ፓርቶች እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። ግራ ገባው።

«ለመግባት ያን ያህል ተሟግተህ?»

«አዎ» አልኩት። «አትገባም ብላችሁ ስታስቀሩኝና ራሴ መርጬ ስቀር አንድ አይደለም።»

ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በመንገደኛው በኩል ነኝ። ባጄ ግን ሁለቱንም በር ይከፍታል፣ እንዲዘጋም አልፈቅድም። ግሪን ካርድ ይዞ አዲስ የሚቀጠር ልጅ ሲመጣ ፎልደሩን እሰጠዋለሁ። ከዚያ ጋሼ ጋ እወስደዋለሁ።