ከውጭ ገንዘብ በስዊፍት ወደ ደሴ ሳስልክ የምከተለው መንገድ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ከውጭ በባንክ የሚላክ ገንዘብ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስዊፍት ኮዱ፣ ማለትም ተቀባዩ ባንክ ከአገር አገር በሚደረግ ዝውውር የሚለይበት መለያ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ስሙን ነው።

ኮዱ ቀላል ነው። 8 ወይም 11 ምልክት አለው። የንግድ ባንክን ብንወስድ ሲቢኢቲ ባንኩን፣ ኢቲ አገሩን፣ ኤኤ ቦታውን ያመለክታል። ፎርሙ 11 ካልሆነ አልቀበልም ካለ መጨረሻው ላይ ሦስት ኤክስ ይጨመራል። የሐይቅ፣ የወልድያ እያሉ ለየቅርንጫፉ ኮድ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ሂሳቡን የሚለየው የሂሳብ ቁጥሩ ነው። 5ኛውና 6ኛው ፊደል ኢቲ ካልሆነ ግን ኮዱ የሌላ አገር ነውና ላኪው እዚያው ያቁም።

ከጀርመን ወይም ከሳውዲ ሲላክ ፎርሙ አይባን (በአንዳንድ አገሮች የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የሂሳብ ቁጥር) ይጠይቅ ይሆናል። ኢትዮጵያ አይባን የላትም። ላኪው የውጭ አገር ዝውውር የሚለውን መርጦ የሂሳብ ቁጥሩን እንዳለ ያስገባል፤ የንግድ ባንክ ከሆነ በ1000 የሚጀምር 13 አሃዝ ነው። ቁጥር በስልክ አላስነግርም፣ የደብተሩን ፎቶ ነው የምልከው።

ወደ ስሙ ስንመጣ፣ ወሎ ውስጥ መሐመድ፣ ሰይድ፣ እንድሪስ የሌለበት ቤት የት ይገኛል? በላቲን ፊደል ሲጻፍ መሐመድ አንዴ በኦ፣ አንዴ በዩ፣ አንዴ በአንድ ኤም፣ አንዴ በሁለት ይመጣል። ከሂሳቡ ስም ጋር ካልገጠመ ባንኩ ገንዘቡን ይዞ ማረሚያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ለማረሚያው ደግሞ የላኪው ባንክ ብዙ ጊዜ ያስከፍላል። ስለዚህ ባንኩ የመዘገበውን፣ የተንሻፈፈ እንኳ ቢሆን፣ እስከ አያት ድረስ ፊደል በፊደል አስገለብጣለሁ። ሐጂ፣ ሼህ የሚለው ሂሳቡ ላይ ከሌለ ፎርሙም ላይ አይገባም። አክብሮቱ ለቤት ይቆይ!

የአገልግሎት ክፍያው በላኪው፣ በጋራ ወይም በተቀባዩ ይሆናል። ቁርጥ ያለ የዕቃ ዋጋ ከሆነ በላኪው አስደርጋለሁ። በጋራ ሲሆን መሃል ያለው አገናኝ ባንክ ከገንዘቡ ላይ ሊቆርጥ ይችላል።

ከተላከ በኋላ የዝውውሩን ኮፒ ከላኪው አስመጣለሁ። በኤምቲ 103 (ባንኮች በስዊፍት የሚላላኩት የክፍያ መልእክት) መልክ ከሆነ መስመሮቹ ቁጥር አላቸው፦ 59 የተቀባዩ ስምና ሂሳብ፣ 33ቢ ላኪው ያዘዘው፣ 32ኤ የተላለፈው፣ 71ኤፍ በመንገድ የተቆረጠው ነው። 59 ላይ ስህተት ካለ የደሴው ቅርንጫፍ በር ላይ መሰለፍ አይጠቅምም፤ ማረሚያው የሚመጣው ከላኪው ባንክ ነው።