ሀይብሪድ ከመግዛቴ በፊት ያመዛዘንኩት፣ ከገዛሁ በኋላ የገባኝ

ሀይብሪድ መኪና፣ ማለትም ቤንዚን ሞተርና በባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ሞተር አንድ ላይ ያለው፣ ልገዛ ነው ስል ግማሹ ሰው «ከነዳጅ ወጪ ተገላገልክ በለኛ» አለኝ፤ ሌላው «ባትሪው የሞተ ቀን መኪናውም አበቃለት» አለ። ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ስለዚህ ስሌቱን ከራሴ አነዳድ ጀመርኩ።

የምነዳው በአብዛኛው ከተማ ውስጥ፣ ቆም ሄድ እያልኩ ነው። ሀይብሪድ የሚያዋጣውም እዚያ ነው፤ ፍሬን ስንይዝ በሌላ መኪና ላይ በሙቀት መልክ ከሚባክነው ጉልበት ጥሩ ድርሻውን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል፣ ስንቆም ደግሞ የቤንዚን ሞተሩ ይጠፋል። አውራ ጎዳና ላይ ፍሬን ብዙም ስለማይነካ ጥቅሙ ይቀንሳል። ውሎው ረጅም መንገድ የሆነ ሰው ቢያማክረኝ «አትቸኩል» ነው የምለው።

ያገለገለ ፕሪየስ (የቶዮታ ሀይብሪድ) ነበር የፈለግኩት። ሻጭ ሁሉ «ባትሪው አንደኛ ነው» ይላል፤ እኔ ግን መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ያየኋቸው መኪኖች ባትሪ በተከታታይ ከተያያዙ 28 ሞጁሎች (ትንንሽ ባትሪዎች) የተሠራ፣ ወደ 200 ቮልት የሚጠጋ ነው፤ መመርመሪያ ኮምፒውተሩ ሁለት ሁለቱን አጣምሮ በ14 ብሎክ ያሳያል። መኪናው ቆሞ ሲለካ የሁሉም ቮልቴጅ እኩል ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ ግን አንደኛው መኪና ላይ የአንድ ብሎክ ቮልቴጅ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ቁልቁል ወረደ። ሻጩ «እሱ እንኳ የመመርመሪያው ችግር ነው» አለ። አመስግነን ወጣን። የገዛሁት ዳገቱን ሲወጣ ሁሉም ብሎኮች አብረው የወረዱትን፣ አብረው የተመለሱትን ነው።

ከገዛሁ በኋላ ደስ ያለኝ ጥገናው ነው። ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) እና ዲናሞ (ባትሪ መሙያ) የሚባል የለውም፤ የፍሬን ሸራውም ቶሎ አያልቅም። በአንጻሩ ከኋላ ወንበር ጎን ያለችው ፍርግርግ ባትሪው የሚተነፍስባት ናትና ሻንጣ ወይም ልብስ ሊሸፍናት አይገባም። የውስጡን ቬንቲላተር አስፈትቼ ሳስጠርግ የወጣው አቧራ ጉድ ያሰኛል። ባትሪን ከሚገድሉት ነገሮች ዋናው ሙቀት ስለሆነ ይህን በየጊዜው አሠራለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። እሷ ከደከመች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። የትልቁን ባትሪ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያስተላልፉትን ብርቱካናማ ሽቦዎች ደግሞ ሥልጠና የሌለው መካኒክ እንዲነካቸው አልፈቅድም፤ ሰው ይገድላሉ። በቅርብ የሚሠራው ባለሙያ ከሌለ መግዛቱን ደግሞ ማሰብ ይሻላል።

አጭር ርቀት ብቻ የሚነዳም ብዙ አይጠብቅ፤ ቀዝቃዛ ሞተር እስኪሞቅ ድረስ ቤንዚን ይጠጣል።

ከነዳጅ የተረፈኝን በከፊል ለባትሪ ቅያሪ አስቀምጣለሁ። የደከመውን ሞጁል ብቻ መቀየር ይረክሳል፤ ነገር ግን አብረውት ያረጁት ተራቸውን ጠብቀው ይከተሉታል። ስለዚህ የማጠራቅመው ለሙሉው ነው።